ርካሽ አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ መስራት፦ ከአይሲው ሳይሆን ከስፒከሩ ጀምሩ

ብዙ ሰው አምፕሊፋየር ልስራ ብሎ ሲነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ዋት ይወጣዋል?" ነው። እኔ ከሌላኛው ጫፍ ነው የጀመርኩት። ቤት ውስጥ ሁለት ስፒከር ነበረኝ። ዋናው ማሽን ከሞተ የቆየ የድሮ ቴፕ ስፒከር ነው። ከጀርባው 8 ኦም ይላል፣ ወረቀቱ ደህና ነው፣ ዙሪያው ያለው ላስቲክ አልተቀደደም። ሳሎን ውስጥ እነዚህን የሚያጫውት፣ ሲበራ "እምምም" የማይል፣ ኪስ የማይጎዳ ነገር ፈለግሁ። በቃ። ትንሽ መበየድ የሚችልና ቴስተር ያለው ሰው ይሰራዋል፣ እኔም የኤሌክትሮኒክስ ምሩቅ አይደለሁም።

ስለ ዋቱ ግን መጀመሪያ እንነጋገር፤ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ የሚሸጡት ስፒከሮች ላይ "ፒኤምፒኦ" (ለማስታወቂያ የተጋነነ የዋት ቁጥር) ብሎ አምስት ሺህ ምናምን ዋት የሚል ተለጥፎ ታያላችሁ። ዝም ብላችሁ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡት። 12 ቮልት 2 አምፒር ካለ የሚገባው 24 ዋት ነው። 24 ዋት ገብቶ አምስት ሺህ አይወጣም፣ ተአምር ካልሆነ በስተቀር። እውነተኛውን ልክ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሂሳብ ደግሞ ቀላል ነው። ወደ ስፒከሩ የሚደርሰውን ከፍተኛ ቮልቴጅ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ ለኦሙ እጥፍ አካፍሉት። 12 ቮልት በ8 ኦም ላይ ማለት 144 ለ16 ሲካፈል ነው፤ 9 ዋት።

ዘጠኝ ዋት ሲባል ሰው ይስቃል። ግን አንድ ተራ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጣል። በ10 ዋት 98 ይደርሳል። ይሄ ሳሎን ውስጥ ሰው ከሰው ሳይጮህ የማይሰማማበት ድምፅ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ "ትንሽ ጨመረ" ይላል እንጂ እጥፍ አይሰማም። ስለዚህ ከ10 ወደ 20 ዋት ለመውጣት ትልቅ ትራንስፎርመር መግዛት ለእኔ ትርጉም አልነበረውም። ለሰርግ ድንኳን የምትሰሩ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው፣ እዚህ የጻፍኩት አይጠቅማችሁም።

ስፒከሩ ታወቀ፣ ዋቱ ታወቀ፣ ቀጥሎ ትራንስፎርመር። ከሁሉም በላይ ብር የሚበላው እሱ ነው፣ መብላትም ያለበት እሱ ነው። አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ባለ እግር ትንሽ ቺፕ) ከሁሉ የረከሰው እቃ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ለዞረ ሰው ከድሮ ቴፕ፣ ከባትሪ ቻርጀር፣ ከተበላሸ ማሽን ሁሉ የወጣ ትራንስፎርመር አይታጣም። የሚፈለገው ከወጪው በኩል ሶስት ሽቦ ያለው፣ መሃሉን ይዛችሁ ስትለኩ ግራና ቀኙ እኩል 12 ቮልት የሚሰጥ ነው። 3 አምፒር ቢሆን ለሁለት ቻናል ምቹ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ክብደቱን እመኑ። ኪሎ እንኳን የማይሞላ ከሆነ ከ3 አምፒሩ ጋር አይተዋወቅም።

ሳትገዙ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። የ220 ጠምዛው (የተጠቀለለው ሽቦ) በአስር ቤት የሚቆጠር ኦም ያሳያል፣ የወጪው ከ1 ኦም በታች ነው፣ ከብረቱ ጋር ደግሞ የትኛውም መገናኘት የለበትም። ከዚያ ሻጩ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። "ወንድሜ ይሰራል አልኩህ እኮ፣ ምን ያደርግልሃል መሰካቱ!" ካለ በትህትና አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ከተሰካ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና ንኩት፤ ምንም ሳይጫንበት እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ያለው ጠምዛ ተጎድቷል።

የዩፒኤስ ትራንስፎርመርስ? ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ርካሽና ከባድ ስለሆነ ያማልላል። እኔም አንዱን ሞክሬዋለሁ። ችግሩ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ለደቂቃዎች ብቻ እንዲሰራ ታስቦ የተሰራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሰካ ይግላል፣ ይንጫጫል፣ ቮልቴጁም ብዙ ጊዜ ከምትጠብቁት ያነሰ ይሆናል። ሌላ ካልተገኘ ለክታችሁ ተጠቀሙበት፣ እኔ ግን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ እኛ አገር መብራት እንምጣ፤ የውጭ አገር ሰርኪት እንዳለ ገልብጦ መስራት አደጋ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። 12 ቮልት ኤሲ (እንደ ሶኬቱ ያለ ተለዋዋጭ ከረንት) በዳዮድ ወደ ዲሲ ተቃንቶ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅመው እቃ) ሲሞላ በ1.414 ይባዛል፣ ዳዮዱ ትንሽ ይቀንሳል፣ በግምት 16 ቮልት ይሆናል። ፕላስ 16 እና ማይነስ 16 ማለት ነው። ወረቀት ላይ። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 240 ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ዘፈኑ ቆሞ ጭነት ሳይኖር ደግሞ የትራንስፎርመሩ ቮልቴጅ ከተጻፈበት ከ10 እስከ 15 በመቶ ከፍ ይላል። ሁለቱን ደምሩና ድጋሚ አስሉት፤ 20 ቮልት ገደማ ይደርሳል፣ ሊያልፍም ይችላል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቲዲኤ2030 የሚባለው የአምፕሊፋየር አይሲ የሚችለው እስከ ፕላስና ማይነስ 18 ነው። "የእኔ 2030 ዝም ብሎ ሞተ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው። ቲዲኤ2030ኤ 22 ይችላል፣ ለጥቂት ነው። ቲዲኤ2050 እስከ 25፣ ኤልኤም1875 እስከ 30 ይችላሉ። ካፓሲተሩንም በዚህ ሂሳብ ባለ 35 ቮልት ነው የወሰድኩት፣ ባለ 25ቱ ይሰራል ግን ልቤ አይረጋም።

ደስ የሚለው ነገር እነዚህ ሁሉ አይሲዎች አምስት እግር አላቸው፣ አቀማመጣቸውም አንድ ነው። 1 ሲግናል መግቢያ፣ 2 የመልስ መግቢያ (ከወጪው ትንሽ ተመልሶ የሚገባበት)፣ 3 ማይነስ፣ 4 ወደ ስፒከር፣ 5 ፕላስ። ስለዚህ ቦርዱን አንዴ ከሰራችሁ በኋላ ቮልቴጁን እስከቻለ ድረስ ያገኛችሁትን መሰካት ትችላላችሁ። እኔ ቦርዱን ከመርካቶ በገዛሁት ቲዲኤ2050 ሞክሬ፣ በኋላ ከዱባይ የመጣ ዘመድ ያመጣልኝን ኤልኤም1875 ቀየርኩበት። ኤስቲ የተባለው ኩባንያ 2050ን ማምረት ካቆመ ቆይቷል። እናም ዛሬ ገበያ ላይ "አዲስ" ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ቅጂ ነው። ቅጂ ሁሉ አይሰራም ማለት አይደለም፣ በ16 ቮልት ቀስ ብሎ የሚሰራ አለ። ጽሁፉን በአሴቶን ስትጠርጉት ከለቀቀ፣ ወይም ከአንድ እሽግ የወጡ ሁለት አይሲዎች ጀርባቸው የተለያየ ከሆነ ግን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ግዙ።

ሰርኪቱ ራሱ ብዙ ወሬ አይፈልግም፣ በየዳታሺቱ (አምራቹ ለአይሲው የሚያወጣው የመረጃ ወረቀት) ላይ ያለው ነው። ሲግናሉ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አልፎ ወደ 1ኛው እግር ይገባል፣ ከዚያው እግር 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ (ከትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ የሚመጣው የዜሮ ቮልት ነጥብ)። ከ4ኛው ወደ 2ኛው እግር 22 ኪሎ ኦም፣ ከ2ኛው ደግሞ 1 ኪሎ ኦም ከ22 ማይክሮፋራድ ጋር በተከታታይ ወደ ግራውንድ። ይሄ ሲግናሉን 23 ጊዜ ያጎላል፣ ለስልክ ይበቃል። ብዙ ሰርኪቶች ላይ 33 ጊዜ የሚያጎላ ታያላችሁ። እኔ የቀነስኩት ሲጎላ ሽሽታውም አብሮ ስለሚጎላ ነው። ግን ከዚህ ብዙ አትውረዱ፣ 2050 ቢያንስ 16 ጊዜ ካላጎላ አይረጋም። ከ4ኛው እግር ወደ ግራውንድ ሬዚስተርና ካፓሲተር በተከታታይ ይገባል፤ ለኤልኤም1875 1 ኦም ከ0.22 ማይክሮፋራድ፣ ለቲዲኤ2050 2.2 ኦም ከ0.47። ይሄን "ትርፍ ነው" ብሎ የሚተው ሰው አለ። አትተዉት። ከሌለ አይሲው ጆሮ በማይሰማው ከፍታ ራሱ በራሱ መጮህ ሊጀምር ይችላል፣ እናንተ የምታዩት ያለ ዘፈን መጋሉን ብቻ ነው።

ሌላ የማይታለፍ ነገር፦ 3ኛውና 5ኛው እግር አጠገብ፣ ቢቻል ከ2 ሴንቲሜትር ሳይርቅ፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። ከጎኑ 220 ማይክሮፋራድ። ለፓወሩ በፕላስም በማይነስም 4700 ማይክሮፋራድ። ኤሲውን የሚያቃናው ብሪጅ (አራት ዳዮድ በአንድ ላይ) 6 አምፒር ቢሆን አይቆጭም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ጩኸት። ርካሹን ከውዱ የሚለየው ከሁሉ በላይ ይሄ ነው፣ ደግሞ ለማስተካከል አንድ ብር አይፈጅም።

ሲበራ የሚሰማው ጩኸት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወፍራምና ለስለስ ያለ "እምምም" ነው፣ 50 ኸርዝ፣ የመብራቱ የራሱ ድምፅ። ሌላው ሻከር ያለ "ዝዝዝ" ነው፣ 100 ኸርዝ፣ ብሪጁ ሁለቱንም ግማሽ ሞገድ ስለሚያቃና እጥፍ የሆነው። 50ው አብዛኛውን ጊዜ ከትራንስፎርመሩ ማግኔት ወይም ካልተሸፈነ የሲግናል ገመድ ይመጣል። ትራንስፎርመሩን ሳታስሩት በፊት ወደ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ስሙ፤ የሚጠፋበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ላይ ብሎኑን አጥብቁ። 220ው አጠገብ እጃችሁን አትስደዱ እንጂ።

100ው ግን ከግራውንድ ሽቦ አቀማመጥ ነው የሚመጣው፣ እሱን ትንሽ ላብራራው። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ያለማቋረጥ አይሞሉም። ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአጭር ጊዜ በትልቅ ከረንት ነው የሚጎርሱት፣ በሰከንድ 100 ጊዜ። ያ ከረንት የሚያልፈው ከትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ እስከ ካፓሲተሮቹ መገናኛ ባለው መንገድ ነው። ሽቦው 0.01 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 5 አምፒር ሲያልፍበት 50 ሚሊቮልት ይፈጠራል። የሲግናል ግራውንዳችሁን እዚያ ሽቦ መሃል ላይ ከበየዳችሁት ያ 50 ሚሊቮልት እንደ ዘፈን ገብቶ 23 ጊዜ ይጎላል። ከ1 ቮልት በላይ ጩኸት ማለት ነው! የትኛውም ውድ ካፓሲተር ይሄን አያድንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ካፓሲተሮች መገናኛ ይሂድ፣ ሌላ ምንም ነገር አይንካ። ከዚያ መገናኛ አንድ አጭር ወፍራም ሽቦ አውጡና አንድ ነጥብ ላይ ጨርሱት፤ እኔ ቀለበት ያለው የመዳብ ጫፍ ነው የተጠቀምኩት። ግራውንድ የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ በየራሱ ሽቦ ይመጣል፦ የግራ ስፒከር መልስ፣ የቀኝ ስፒከር መልስ፣ የየቦርዱ የፓወር ካፓሲተሮች። የሲግናሉ ወገን፣ ማለትም የኢንፑቱ ጃክ፣ ቮሊዩሙ፣ የመግቢያው 22 ኪሎ ኦምና ያ 22 ማይክሮፋራድ፣ እርስ በርሳቸው መጀመሪያ ይገናኙና በአንድ ቀጭን ሽቦ ይምጡ። ጃኩ ብረት ሳጥን ላይ የሚታሰር ከሆነ በፕላስቲክ ዋሸር ለዩት፣ ያለዚያ ሁለተኛ መንገድ ይፈጥራል። የእኔ ሳጥን የተዘጋው ይሄን ካስተካከልኩ በኋላ ነው፤ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ካልሆነ ምንም አይሰማም።

ጩኸቱ ከየት እንደሆነ ካልገባችሁ ኢንፑቱን ከራሱ ግራውንድ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙት። ዝም ካለ ችግሩ ከውጭ ነው፣ ከስልኩ ወይም ከገመዱ። ከቀጠለ ከውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስታበሩት በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የድሮ ዓይነት፣ ክር ያለው ባለ 60 ዋት አምፖል ከ220ው አንዱ ሽቦ ጋር በተከታታይ አስገቡ፣ ኤልኢዲ አይሆንም። ስታበሩ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ይደበዝዛል፣ እንደዚያ ከሆነ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል፣ ነቅላችሁ ፈልጉ። አንድም እቃ ሳይቃጠል ስህተት የሚገኝበት መንገድ ይሄ ነው፣ ሰፈር ያሉ የቴፕ ጠጋኞች ለምን እንደሚወዱት ገብቶኛል። ከዚያ ስፒከር ሳታገናኙ ከ4ኛው እግር እስከ ግራውንድ ዲሲ ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ እሰየው። በቮልት የሚቆጠር ካሳያችሁ ስፒከር አታገናኙ፣ ጠምዛው ይቃጠላል። ለሙከራም ደግሞ ብትቃጠል የማትቆጩባትን ስፒከር ያዙ።

ፊውዝ ከ220ው በኩል ግድ ነው፤ ለዚህ ትራንስፎርመር 630 ሚሊአምፒር፣ ቀስ ብሎ የሚቆርጠው ዓይነት። የብረት ሳጥን ከተጠቀማችሁ ሳጥኑ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ጋር መያያዝ አለበት። ግን ስንቶቻችን ቤት ነው ሶኬቱ እውነተኛ ኧርዝ ያለው? የእኔ ቤት ስለሌለው ሳጥኑን ከእንጨት አሰራሁ፣ የ220 ጫፎችን ሁሉ ደግሞ በፕላስቲክ ሸፈንኩ። የቮሊዩሙ ቁልፍም ፕላስቲክ ነው።

ለሙቀቱ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) አልገዛሁም። ከሞተ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የወጣ የሲፒዩ ማቀዝቀዣ ለሁለት አይሲ በ8 ኦም ከበቂ በላይ ነው፣ ፋኑ እንኳን አያስፈልግም። በከፋው ሁኔታ ሁለቱም ተደምረው 13 ዋት አካባቢ ነው የሚያግሉት። 4 ኦም ከሆነ እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ ፋኑን ተዉለት። የአይሲው ጀርባ ብረት ከ3ኛው እግር፣ ማለትም ከማይነሱ ጋር የተያያዘ መሆኑን አትርሱ። ሂትሲንኩ ሌላ ነገር የሚነካ ከሆነ መሃሉ ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሚካ ወይም የሲሊኮን ቁራጭ አስገቡ። ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ሲሊኮኑም፣ የ220 መሰኪያውም፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ይገኛል። ያንን ስትከፍቱ ግን ትልልቆቹ ካፓሲተሮች 300 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ሳትለኩ አትንኩ።

ቮሊዩም ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን ፊደል እዩ። ኤ ለድምፅ የተሰራ ነው፣ ቢ ቀጥተኛ ነው። ገበያ ላይ የሚበዛው ቢ50ኬ ነው፣ እሱ ደግሞ ትንሽ ስትነኩት ወዲያው ይጮህና ከዚያ በኋላ ምንም አይጨምርም። መፍትሄው ከመሃለኛው እግር ወደ ግራውንድ 8.2 ኪሎ ኦም መበየድ ነው፣ ለየቻናሉ አንድ አንድ። ከኤ ጋር ብዙ አይለይም።

ብሉቱዝ ቦርድ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ይኖራል፣ እኔም አስገብቻለሁ። ከዚያው ፓወር 5 ቮልት አውጥታችሁ ብትሰጡት "ጢጢጢ" የሚል ድምፅ ከዘፈኑ ጋር ይመጣል፤ የዲጂታሉ ከረንት በሲግናሉ ግራውንድ በኩል ስለሚመለስ ነው። ለብቻው አሮጌ የስልክ ቻርጀር ስሰጠው ጠፋ።

ትራንስፎርመር ማግኘት ያልቻለ፣ ወይም 220 መንካት የሚፈራ ሰው (መፍራቱ ጥሩ ነው) ሌላ መንገድ አለው። ቲዲኤ7297 የሚባል አይሲ በአንድ 12 ቮልት አዳፕተር ይሰራል፣ ሁለቱም ቻናል ውስጡ ነው። ያረጀ የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ካላችሁ ደግሞ ቲፒኤ3116 ያለበት ዝግጁ ቦርድ ግዙ፣ እስከ 26 ቮልት ይችላል፣ ብዙም አይግልም። 7297 ላይ ግን 19 ቮልት እንዳትሰጡት፣ ልኩ 18 ነው። በሁለቱም ላይ የስፒከሩን ማይነስ ከግራውንድ ጋር አታገናኙ፣ የሁለቱን ስፒከር ማይነስም አንድ ላይ አታድርጉ። አራቱም ሽቦዎች ለየብቻቸው ነው የሚሄዱት።